የፍየሉ ወረቀት

የበደለኝ ዋርሳዬ ነው፤ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም። የበደለኝ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ፣ ድምፅ ሊሰጥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በአንድ ሰኞ ቀን ነው። ስሙን አልጽፍም። ከሚሴ ውስጥ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀው ስሙን ቢሰማ ምንም አይጨምርለትም።

በዚያ ምርጫ ወንድሜ ለክልሉ ምክር ቤት በግል ተወዳድሮ ነበር። ዋርሳዬ የሌላ ተወዳዳሪ ቅስቀሳ ይመራ ነበር። እኔ ደግሞ በዋርሳዬ ሱቅ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ።

ሱቁ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነው። ባሌና ወንድሙ አብረው የከፈቱት ሲሆን ባሌ ሲሞት በዋርሳዬ እጅ ቀረ። በፊት አንድ የጽሕፈት መኪናና በእጅ የሚዞር ማባዣ ብቻ ነበረን፤ ኋላ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ መጣ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እጽፋለሁ፣ የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ። ምርጫ ሲደርስ በራሪ ወረቀት እጽፋለሁ። የፎቶ ኮፒው ማሽን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ በእያንዳንዱ ወረቀት በስተግራ በኩል ቀጭን ጥቁር መስመር ይጥላል። ወረቀቱን ያየ ሁሉ ከእኛ ቤት እንደወጣ ያውቃል። ይህ መስመር ኋላ ዋጋ ስላለው ነው የጠቀስኩት።

ሌላ ሰው ከሚያወራው እኔው ልጻፈው፦ ባሌ በሞተ በዓመቱ ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ነበር። በአገራችን ልማድ የሟች ሚስት ለዋርሳዋ ትቀራለች። ልጆቹ ከአባታቸው ወገን እንዳይወጡ ነው ይላሉ። ዋርሳዬ ሚስት ነበረው፤ ሚስቱንም እወዳታለሁ። እምቢ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው ሄዱ። እሱ ግን በማግስቱ ሱቅ ስገባ ፈገግ ብሎ፣ «አዴ፣ እንደፈቀድሽ ነው» አለኝ፤ አዴ በእኛ አገር ለሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ፈገግታውን የደግነት አድርጌ ወሰድኩት።

ወንድሜ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበር። ሰዉ የከብት ሐኪም ይለዋል። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ከቆላ የሚመጡትን ፍየሎችና ግመሎች ያያል፤ በሌላው ቀን ሳጥኑን አንጠልጥሎ በየቀበሌው ይዞራል። ቤቱ ከቤቴ አምሳ እርምጃ አይርቅም። በሰፈራችን ፍሪጅ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ የክትባቱ ብልቃጦች የሚቀመጡት እኔ ዘንድ ነበር። ሁለተኛው መደርደሪያ የእሱ ነው። ከሥጋም ከወተትም ለይቼ፣ ነጠላ ጨርቅ አንጥፌ አስቀምጥለት ነበር። ማለዳ መጥቶ ሳያንኳኳ ይገባል፤ «ነጋ ቡልቴ፣ እታለም?» ይለኛል፣ በኦሮምኛ በሰላም አደርሽ ማለቱ ነው፤ ብልቃጦቹን በረዶ ባለው ሳጥን ውስጥ ይደረድርና ይሄዳል። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አሁን ስለተናገርኩት ቃል።

ከምርጫው በፊት በነበረው የሠርግ ወቅት እህታችን ልጇን ዳረች። ወንድሜ ከሰንበቴ ሁለት ፍየል ገዝቶ እንዲያመጣ ተልኮ አንድ ብቻ እየጎተተ መጣ። እኛ ሴቶቹ ከዳሱ ጀርባ ሽንኩርት እየከተፍን ነበር።

«ሁለተኛዋስ?» አለችው እህታችን።

«መንገድ ላይ ቀረች።»

«ሞተች?»

«ኧረ አልሞተችም። አንድ አፋር ፍየሎቹ አልቀውበት አገኘሁት። ልጆቹ የሚጠጡት ወተት የላቸውም። እሷ ደግሞ ጡቷ የሞላ ነው፤ እንዲህ ያለችውን ማረድስ ነውር አይደል?»

አክስታችን ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንተ! የከብት ሐኪም ሆነህ ስትገዛት ጡቷን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ» አለ ወንድሜ። «ዋጋዋ ጥሩ ነበር።»

ሳቅ ሆነ። እኔም ከሳቁ ውስጥ ሆኜ፣ የሽንኩርት እንባ በጉንጬ እየወረደ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዲህ አልኩ፦ «እኔ ወንድሜን ፍየል እንኳ አምኜ አልሰጠውም፤ የለመነው ሁሉ ይዞበት ይሄዳል። ነገ እኔን ቢለምኑት ‹ውሰዷት› ነው የሚለው።»

«አንቺን ማን ይለምነኛል፣ እታለም?» አለ እሱ።

ዋርሳዬ ለእንግዳ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ በአጠገባችን ሲያልፍ ነበር። ወንበሩን መሬት አስቀምጦ ከሁላችንም በላይ ሳቀ።

ከዚያ ምርጫው ደረሰ። ወንድሜን ተወዳደር ያሉት ገበሬዎቹና አርቢዎቹ ናቸው፤ እሱ በፖለቲካ ሲከራከር ሰምቼው አላውቅም። የመወዳደሪያ ምልክት ሲመርጥ ባልዲ መረጠ። ለምን ባልዲ ስለው፣ «ከብት ሁሉ ያውቀዋላ» አለኝ።

በዚያ ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስደርስ ዋርሳዬ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። «አዴ፣ የባቲው ደንበኛ ውሉን ዛሬውኑ ይፈልገዋል። አንቺ ሂጂለት፤ ገበያውንም ታያለሽ» አለኝ። ከዚያ በፊት ወደ ባቲ ልኮኝ አያውቅም። ደስ አለኝ። በኮምቦልቻ ዞሬ ባቲ ደረስኩ፣ ውሉን አስረከብኩ፣ ገበያውን አየሁ፣ ለወንድሜ ልጅ የጸጉር ማሰሪያ ገዛሁ። በአሥር ሰዓት ገደማ ከሚሴ ተመለስኩ።

ሚኒባስ መቆሚያው ላይ አንዲት ሴት የተቆላ ሽምብራ በወረቀት ጠቅልላ ትሸጣለች። ገዛሁና እየበላሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሽምብራው ወደ ግማሽ ሲደርስ ከወረቀቱ ውስጥ ቀንድ ብቅ አለ። ከዚያ ጆሮ። ከዚያ የፍየል ዓይን። የቀረውን ሽምብራ እጄ ላይ ገልብጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። በትልቁ የተሣለ ፍየል አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«የገዛ እህቱ ምን አለች? ‹እኔ ወንድሜን ፍየል እንኳ አምኜ አልሰጠውም።› እናንተስ ድምፃችሁን አምናችሁ ትሰጡታላችሁ?»

በስተግራ በኩል ቀጭኑ ጥቁር መስመር አለ።

ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ መርፌዎቹን በድስት ውሃ እየቀቀለ ነበር።

«ሰላም ነው፣ እታለም? እንዴት ዋልሽ?»

ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

«አይቼዋለሁ» አለ። ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። «ቀንዷን አበላሽተውታል። የቆላ ፍየል ቀንድ እንዲህ አይጠመዘዝም።»

«ቃሉ የኔ ነው፤ ግን…»

«ቃሉማ ያንቺ ነው። እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ።»

«ግማሹን ቆርጠውታል!»

«ተይው እታለም። ሻይ ላፍላልሽ?»

መርፌዎቹን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ እያወጣ ጨርቅ ላይ ይደረድር ጀመር። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ግን ቀድሞ ጥቁሩን መስመር እንዳየው አውቄያለሁ። ያ መስመር ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። በዚያ ማሽን ላይ ማን እንደሚሠራም ያውቃል። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ወላሂ ብዬ በማልኩለት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አልጠየቀኝም። እኔም ሳልጠየቅ አልምልም አልኩ። ስምንት ዓመት መድኃኒቱን ያስቀመጥኩለት ሰው ሳልምልለት ማወቅ ነበረበት ብዬ ተቀየምኩ። ሻዩን ሳልጠጣ ሄድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ዋርሳዬን ያዝኩት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩ። ደንበኛ ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የምርጫ ወረቀት ነው፣ አዴ።»

«ባቲ የላክኸኝ ለዚህ ነው?»

«ላንቺ ብዬ ነው። የወንድምሽን ነገር በራስሽ እጅ እንዳትጽፊ።»

«ቃሌን ቆርጠኸዋል።»

«ውሸት ጻፍኩ? ያላልሽውን አስባልኩሽ?» አለና ወረቀቱን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረው። «ወረቀቱ ጠባብ ነው፣ አዴ። ሁሉም አይገባም።»

በዚያን ቀን ሥራውን ትቼ መውጣት ነበረብኝ። አልተውኩም። ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ከሚሴ ውስጥ ሌላ የጽሕፈት ሱቅ አልነበረም። በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጽፍ ወንድሜ በመንገዱ ማዶ ያልፋል። እጁን አንስቶ ሰላም ይለኛል። እኔም አነሣለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ምርጫ እኔም እንዲህ ያለ ወረቀት በእጄ ጽፌያለሁ። ስለ አንድ ነጋዴ ተወዳዳሪ ነበር። «የፈታት ሚስቱ ስለ እርሱ እንዲህ ትላለች፦ ‹ለኔ ያልሆነ ለማን ይሆናል?›» የሚል። ማን እንዳመጣው አልጠየቅሁም፤ ሴትየዋ ይህን የት፣ ለማን፣ በምን ቀን እንዳለችው አልጠየቅሁም። ፊደሉ እንዳይጠማመም ብቻ ተጠነቀቅሁ። በሳምንቱ ገበያ ወርጄ ከዚያችው ሴት ሽንኩርት ገዛሁ። ሽንኩርት ነበር የምትሸጠው። አንድ በአንድ እየመረጠች ጠንካራ ጠንካራውን ሰጠችኝ። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው አታውቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የፍየሉ ወረቀት ከወጣ በኋላ ግን እጇ እየመጣብኝ ይረብሸኝ ጀመር። ሽንኩርቱን የምታገላብጥበት አኳኋን። የእርሷስ ቃል ሌላው ግማሽ ምን ነበር? እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ ማለዳ ወንድሜ አንኳኩቶ ገባ። አንኳኩቶ ስል፣ በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለቴ ነው።

«ክትባቱን ልውሰደው ብዬ ነው» አለ። «የዚህ የእናንተ መብራት ይቆራረጣል። ክሊኒኩ ጄኔሬተር አስገብቷል።»

«መብራቱ እኮ ያንተም ነው። አንድ መስመር ነን።»

«እሱስ አዎ።»

ብልቃጦቹን ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ደረደራቸው። ጨርቁን አጥፎ መደርደሪያው ላይ ተወልኝ። ክሊኒኩ በእርግጥ በዚያ ወር ጄኔሬተር ገብቶለት ነበር፤ ኋላ አጣርቻለሁ። መብራቱም በእርግጥ ይቆራረጥ ነበር። ይህን አውቄም ምንም አልጠቀመኝም።

በተከታዩ እሑድ ሰንበቴ ወረድኩ። ቃሌን ሙሉውን ለመናገር ነው የሄድኩት። በድምፅ ማጉያ አይደለም፤ የማውቃቸውን ነጋዴዎች፣ ወንድሜ ያከመላቸውን አርቢዎች እያገኘሁ አንድ በአንድ ልነግር ነው። የፍየሉ ወረቀት ገበያውን ሞልቶት ነበር። ጨው ይጠቀለልበታል፣ ትምባሆ ይጠቀለልበታል፣ አንዱ ጎረምሳ አጣጥፎ ለፀሐይ ኮፍያ አድርጎታል። በአንድ በኩል በአማርኛ፣ በጀርባው በኦሮምኛ የተጻፈ ነው። ሲያነብ ያየሁት ሰው ግን አንድም አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ፍየሏን ነው።

ከፍየል ተራው ጥግ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ ማል ጄዳ?» አሉኝ፤ ምን ይላል ማለታቸው ነው።

ሙሉውን ነገርኳቸው። እህቱ ነኝ፣ ይህን ያልኩት በሠርግ ቤት በጨዋታ ነው፣ ቸርነቱን ለማመስገን ነው፣ የለመነውን ሁሉ ይሰጣል ለማለት ነው አልኳቸው። ሽማግሌው በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ «እና ፍየሏን የሚሰጡት የት ነው?» አሉ።

ከኋላቸው የነበሩት ሦስት ሴቶች ቀረብ አሉ። «እኛም ሰምተናል» አለች አንዷ። «የፍየሉ ሰውዬ ከተመረጠ ለየቤቱ ፍየል ይሰጣል ይላሉ።»

«ምልክቱ ፍየል አይደለም» አልኩ። «ባልዲ ነው።»

ሴትየዋ ወረቀቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

በዚያን ዕለት እስከ ቀትር ገበያው ውስጥ ዞርኩ። በሄድኩበት ሁሉ ወንድሜ የፍየሉ ሰውዬ ሆኗል። ለጥላቻ የተሠራው ወረቀት ፍቅር አምጥቶለታል፤ የማንበብ ችሎታ የሌለው ሰው ምልክት አይቶ ነው የሚመርጠው፣ ምልክቱ ደግሞ እዚያው በትልቁ ተሥሎለታል። የወንድሜ ባልዲ ከአንድ ሁለት ምሰሶ ላይ በቀር የትም አልተለጠፈም። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ስመለስ ነው የገባኝ፦ እነዚህ ሰዎች ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ፍየል ሊፈልጉ ነው።

ለወንድሜ ነገርኩት። በረንዳው ላይ ቆሜ ነው፤ ግቢ አላለኝም ብዬ ሳይሆን ልግባ ስላላልኩ ነው።

«ፍየል አይደለሁም ብዬ ልዙር?» አለኝ። «ታዲያ የፍየሏን ታሪክ ከመጀመሪያው ልነግራቸው ነው። ማን እንዳለው፣ የት እንዳለው። እህቴ ምን እንዳለች በየገበያው ላወራ?»

ስለ ራሱ ይሁን ስለ እኔ ብሎ ይህን ያለው አላውቅም። ያኔም አልጠየቅሁትም።

የምርጫው ዕለት ረጅም ሰልፍ ነበር። ጣቢያው አጠገብ መቀስቀስ ክልክል እንደሆነ የምርጫ አስፈጻሚዎቹ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል፤ ታዛቢዎች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ተራዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረኝ አንዲት አሮጊት ከመከለያው ውስጥ ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። ወረቀቱን ወደ ላይ ይዘው፣ «ሬኤን ሂን ጂርቱ!» አሉ። ፍየሏ የለችም ማለታቸው ነው።

«እማማ፣ የሚፈልጉትን ምልክት ይፈልጉ» አለቻቸው አስፈጻሚዋ።

«የለችም እኮ ነው የምልሽ!»

ሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። ባልዲ በሉ፣ እማማ፣ ባልዲው ነው ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ታዛቢዎቹ ወደ ሰልፉ ተመለከቱ። አፌን ዘጋሁ። አሮጊቷ ተመልሰው ገቡ፤ ጥቂት ቆይተው ወጡና ወረቀታቸውን ኮሮጆው ውስጥ ከተቱ። በየትኛው ላይ ምልክት እንዳደረጉ እሳቸውና አላህ ያውቃሉ። እኔ ገብቼ ባልዲው ላይ ምልክት አደረግሁ። ስወጣ ቀጥሎ የገባው ሰውዬም ከመከለያው ውስጥ ሲያጉረመርም ሰማሁ።

ወንድሜ ወደቀ። የዋርሳዬም ሰውዬ ወደቀ። ያሸነፈው ሦስተኛው ነው፤ እርሱ ወረቀት ያባዛው ሌላ ከተማ ስለነበር ምን ብሎ እንደጻፈ እንኳ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በየሻይ ቤቱ ክርክር ነበር። ዋርሳዬ፣ «በአንዲት ፍየል ነው የጣልኩት!» እያለ ይኩራራል። የወንድሜ ወዳጆች ደግሞ፣ «ፍየሏ ባትኖር ይህንንም ያህል ሰው አያውቀውም ነበር» ይላሉ። ሌሎቹ፣ «ፍየሏን ፈልገው ሲያጡ ነው ድምፁ የተበተነው» ይላሉ። ሁሉም እርግጠኛ ነው። ሱቃችን ከሻይ ቤቱ ጋር ግድግዳ የተጋራ ስለነበር ተቀምጬ ሁሉንም እሰማ ነበር። ያ ወረቀት አንድ መራጭ እንኳ ከአንዱ ተወዳዳሪ ወደ ሌላው ማዞሩን ያረጋገጠ ማንም የለም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሁለተኛው የፍሪጅ መደርደሪያ ባዶ ሆነ። ሌላ ነገር አላስቀመጥኩበትም። ጨርቁ እንደታጠፈ እዚያው ተቀመጠ።

ልጆች ወንድሜን «የፍየሉ ዶክተር» ይሉት ጀመር። አይቆጣም። ኢድ ሲሆን ቤቴ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። ሰው ቢያየን የተጣላን አንመስልም። አልተጣላንም። እሱ እስኪጠይቀኝ እጠብቃለሁ። ምናልባት እሱ እስክነግረው ይጠብቃል። እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ።

ወረቀቱ ግን አላለፈም። አንድ ጊዜ መሳቢያ ሥር ተነጥፎ አገኘሁት። አንድ ጊዜ በሕክምና ጣቢያ መስኮት፣ በተሰበረው መስታወት ፋንታ ተለጥፎ አየሁት። ከሁሉ የከፋው ግን የአንዲት የቀን ሠራተኛ ቤት ነው። ሕፃን ሞቶባት ለለቅሶ ሄድን። ጠባብ የጭቃ ቤት ነው፤ አቧራው እንዳይረግፍ ግድግዳውን በወረቀት ለብጣዋለች። ከሱቃችን የተረፈውን ጥቅል ዋርሳዬ ሰጥቷት ኖሯል። ከመሬት እስከ ጣሪያ ፍየል ነው። በአራቱም ግድግዳ፣ ከእያንዳንዱ ፍየል ሥር የገዛ እህቱ ምን አለች፣ የገዛ እህቱ ምን አለች ይላል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ቁርዓን ይቀራል፣ እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። መሬት መሬቱን እያየሁ ዋልኩ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት፣ «አይዞሽ፣ እንዲህ ሆድ የሚብስሽ አይመስለኝም ነበር» ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

ከዚያ ወዲህ ድምፄን እየሰማሁት ነው። ሽንኩርት ስከትፍ ይመጣል። የሠርጉ ቀን ድምፄ፣ ሳቅ ያለበት፣ «አልሰጠውም» ላይ የሚቆም። ቀሪውን ጮክ ብዬ ብጨርሰውም አይሄድልኝም።

ወንድሜ በኩላሊት ሕመም ሞተ። ሆስፒታል አብሬው ነበርኩ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ውሃ አጠጥቼው፣ «የምትለኝ ነገር አለ?» አልኩት። «ሳጥኔን ለልጄ ስጫት» አለ። 

ሳጥኑን ከመስጠቴ በፊት ከፍቼ አየሁት። ከመቆንጠጫውና ከመርፌዎቹ በታች፣ አራት ታጥፎ፣ የፍየሉ ወረቀት አለ። ዘረጋሁት። በዳርና ዳሩ፣ ባዶ በሆነው ቦታ ሁሉ፣ በእሱ እጅ ጽሕፈት ስለ ክትባት ተጽፎበታል፦ ለጥጃ ይህን ያህል፣ ለጥቦት ይህን ያህል። በፍየሏ ሆድ ላይ ሳይቀር ጽፎበታል። ከእኔ ቃል ላይ ግን አንድ ፊደል አላረፈበትም። ያንን ወረቀት ቂም ይዞ አስቀምጦት ይሁን፣ ወይም በቅርብ ያገኘው ወረቀት እሱ ሆኖ ይሁን፣ ለማወቅ ብዙ አየሁት። ቃሌ ያለበትን ቦታ ስለምን ዘለለው? ጽሑፍ ስለነበረበት ነው? ሳጥኑን ለልጁ ሰጠሁ። ወረቀቱን አስቀረሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዋርሳዬ ታመመ። ሚስቱን ላከብኝ። «አዴ፣ አውፍ እንድትይው ይፈልግሻል» አለችኝ። በእኛ ዘንድ የሞት ሕመም የያዘው ሰው የበደለውን ሁሉ እየጠራ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ መሄድ ይከብዳልና። ሄድኩ። ወረቀቱን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ነው የሄድኩት።

ከስቶ ነበር። አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አዴ፣ አውፍ በይኝ።»

«ለምኑ?»

«ለሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል በደል የለም። ጥቀስልኝ።»

ጥቂት አሰበ። «ሽማግሌ ልኬ አስጨንቄሻለሁ። ለእሱ።»

«ሌላስ?»

«ወንድሜ፣ ባልሽ፣ ሲታመም ደሴ ስትመላለሺ አልረዳሁሽም።»

«ሌላስ?»

ወደ ሚስቱ ተመለከተ። ከልቡ ይፈልግ እንደነበር ፊቱ ይናገራል። አጣው።

«የፍየሉ ወረቀት» አልኩ።

«የምን ፍየል?»

ሚስቱ አስታወሰችው። ያኔ ፊቱ ፈታ አለ፣ ሊስቅ ሞከረና ሳል ያዘው። «ያ? አዴ፣ ያ እኮ ወረቀት ነው! ማን አነበበው? ስንት ዓይነት ወረቀት አወጣን፤ አንዱም አልሠራም። የኛም ሰውዬ ወደቀ።»

ስንት ዓመት በፍየል ጣልኩት ሲል የኖረ ሰው ነው።

«ወንድሜ አንብቦታል» አልኩት። «በሠርጉ ቀን ያልኩትን ሙሉውን በልልኝ። ሰምተኸዋል። ከሁላችንም በላይ የሳቅኸው አንተ ነህ።»

«ረስቼዋለሁ፣ አዴ።»

«ሞክር።»

ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ወንድሜን ፍየል እንኳ አምኜ አልሰጠውም» አለ፤ ከዚያ ቆመ። ጠበቅሁት። ወረቀቱ ላይ ካለው አንድ ቃል አላለፈም። እህታችን ሞታለች፣ አክስታችን ሞታለች፣ ወንድሜ ሞቷል። ያንን የቀረውን ግማሽ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ተነሥቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ሞተ። አስከሬኑ ከቤት ከመውጣቱ በፊት እንደ ልማዱ አውፍ በሉት ተባለ። ወንዶቹ በውጭ፣ ሴቶቹ በውስጥ፣ አውፍ ብለናል አሉ። ሚስቱ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ አላልኩም።

ሦስት ቀን ለለቅሶ ቤቱ ምግብ አብስዬ ላክሁ። በአራተኛው ቀን የወንድሜን ወረቀት አውጥቼ ከቃሌ ሥር የተቆረጠውን ግማሽ በብዕር ጻፍኩበት። ከእሱ ሥር፣ ይህን ወረቀት የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፣ በዚያን ቀን ባቲ ነበርኩ ብዬ ጨመርኩ። ለወንድሜ ልጅ ሰጠኋት። በሳምንቱ ፍሪጁን ሸጥኩት።